ኦሞን ወደ ዓባይ የላከው ሰው

ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ለአንድ የይዞታ ክርክር ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ነበር፤ ዛሬ ሚዛን አማን የምትባለዋ ከተማ ማለቴ ነው። ደንበኛዬ ባለ ቡና ሲሆን ከጎረቤቱ ጋር የተጋጨው በአንዲት ጅረት ምክንያት ነበር። የእኛ ክርክር አጭር ነው። ጅረቷ ከቡናው በስተምዕራብ ስለምትወርድ ከእሷ ወዲህ ያለው መሬት ሁሉ የደንበኛዬ ነው የሚል ነበር። ስድስት ምስክሮች ቀርበው አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ። እኔም በወጣትነት ሙቀት፣ ስድስት ምስክር ካልበቃ ምን ይበቃል እያልኩ የማጠቃለያ ክርክሬን አስረዘምኩት።

ዳኛው ምንም ሳይመልሱ ቀጠሮ ሰጡ። በቀጠሮው ዕለት ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው ቦታው ድረስ ወረዱ። ጅረቷን ከምንጯ ጀምረን ተከተልናት። ጥቂት እንደወረድን ከአንድ ጉብታ ጀርባ ተጠመዘዘችና ወደ ምሥራቅ ሄደች። ከስድስቱ ምስክሮች አንዱም ጅረቷን ተከትሎ ወርዶ እንደማያውቅ እዚያው ተገለጠ። ከመንገድ ዳር ሆነው ከሩቅ አይተዋል፣ ከሌላ ሰው ሰምተዋል፣ መስሏቸዋል። አልዋሹም፤ ግን አላዩም። እኔም ብሆን ያው ነኝ። ክርክሩን ተሸነፍን።

እፍረቴን ለማስረሳት ይሁን እንጃ፣ ወደ አዲስ አበባ ከመመለስ ይልቅ ከአንድ መምህር ወዳጄ ጋር በባቹማ በኩል ወደ ማጂ ወጣሁ። ማጂን ያላየ ሰው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡናና ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቻ ይመስለዋል። ማጂ ግን ደጋ ናት። ብርዱ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ጭጋጉ እንሰቱን ሸፍኖት ያረፍዳል። ጭጋጉ ሲገለጥ ከታች የኦሞ ቆላ ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። አንድ የዲዚ ሽማግሌ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ በዚህ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ኦሞ እንደሚገባ፣ ከዚያ ማዶ በሰሜን ምዕራብ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ ሌላ አገር እንደሚሄድ አስረዱን። ለእሳቸው ይህ ዕውቀት እንጂ ክርክር አልነበረም።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ከዛሬ 180 ዓመት ገደማ በፊት የኦሞን ውሃ ወደ ዓባይ ልኮ፣ ለዚህም የወርቅ ሜዳሊያ ተቀብሎ፣ በመጨረሻም በወንዙ ራሱ የተረታ ነው። ስሙ አንቷን ዳባዲ ይባላል። ለግዕዝና ለታሪክ ተማሪዎች አዲስ ስም አይደለም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ብራና መጻሕፍቱ ሳይሆን ስለ ስህተቱ ነው። ምክንያቱም አንድ ሳይንሳዊ ሐሳብ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚሟገት፣ እንዴትም እንደሚወድቅ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የመለኪያ ሰው

ዳባዲ በ1810 አየርላንድ፣ ደብሊን ከተማ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፈረንሳይ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ናቸው። ቤተሰቡ ገና በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረና እዚያው ተማረ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚማርከው ነገር መለካት ነበር። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ምድር ማግኔት እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ እንደተመለሰ ብዙም ሳይቆይ በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደ።

ሁለቱ ወንድማማቾች አገራችን ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ከረሙ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። አርኖ ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ተወዳጅቶ በጦር ሜዳና በግብር አዳራሽ ውስጥ ሲውል፣ አንቷን መሣሪያውን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። በቴዎዶላይት የተራሮችን አንግል ይለካል፣ ውሃ አፍልቶ በመፍያው ሙቀት የቦታውን ከፍታ ያሰላል፣ ኮከብ አይቶ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያወጣል። የሰበሰበውን ለመቀመርና ለማሳተም ከአገሩ ከተመለሰ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ካርታ ለረዥም ጊዜ በዚህ ሰው ቁጥሮች ላይ ቆሞ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በተረፈ ቋንቋ ይሰበስባል፣ ብራና ይገዛል። በ1859 ያሳተመው ዝርዝር 234 የብራና መጻሕፍትን ይዟል፤ ስብስቡ ዛሬ የሚገኘው በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እንግዲህ ይህ ሰው ሰነፍ ወይም ወረተኛ አልነበረም። ስህተቱን ትልቅ ትምህርት የሚያደርገውም ይኸው ነው። የሰነፍ ስህተት ማንንም አያስተምርም።

የግቤ ጥያቄ

በዚያ ዘመን የዓባይ ምንጭ ጥያቄ የአውሮፓን ምሁራን እንቅልፍ የነሳ ጉዳይ ነበር። የጥቁር ዓባይን ነገር ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ዘግቶታል ተብሎ ነበር። የነጭ ዓባይ ምንጭ ግን ገና አልታወቀም።

ዳባዲ በ1843 ወደ ግቤ ማዶ ዘለቀ። የሊሙ ኢናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ተቀብለው አስቀመጡት። በዚያው ዓመት ንጉሡ ከከፋ ቤተ መንግሥት ሙሽራ ለማምጣት መልእክተኞች ሲልኩ ዳባዲም አብሯቸው ቦንጋ ገባ፤ የቆየውም ለጥቂት ቀናት ነው። በእነዚህ ጉዞዎች ነጋዴዎችን፣ ባለሟሎችን፣ መንገደኞችን እየጠየቀ አንድ ሥዕል በአእምሮው ውስጥ ሳለ። ግቤ ከኢናርያ ይነሣል፤ ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ኦሞ ይሆናል፤ በከፋ ዙሪያ ይዞራል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ነጭ ዓባይን ይሠራል የሚል ነው። በ1846 ጥር ወር ከወንድሙ ጋር ተመልሶ የግቤን ምንጭ በኢናርያ በኩል ባለ ደን ውስጥ አገኙና የፈረንሳይን ባንዲራ ተከሉበት። የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የምንጩ ቦታ በመሣሪያ ተለክቷል። የወንዙ መንገድ ግን አልተለካም። ከምንጩ በታች፣ ከከፋ በስተደቡብ ያለው ረዥም ጉዞ ሁሉ የቆመው በሰው ቃል ላይ ነው። እኛ የሕግ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ነገር የስሚ ስሚ ማስረጃ እንለዋለን። የሐሳቡ ግማሽ ጠንካራ ማስረጃ፣ ግማሹ ወሬ ነበር፤ ሁለቱ ግን በአንድ ካርታ ላይ በአንድ ዓይነት ቀለም ተሰመሩ።

ሌላም አለ። የወንዙን መጨረሻ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ኦሞ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ደለል ላይ የሚኖሩት ዳሰነቾች ወንዙ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ የማንንም ጉዞ አይጠብቁም ነበር። ከእነሱ በላይ ያሉት ኛንጋቶምና ቦዲም እንዲሁ። ዳባዲ የጠየቀው ግን ከወንዙ ራስጌ ያሉትን ነው። ራስጌ ያለ ሰው ስለ ግርጌ የሚያውቀው የሰማውን ያህል ብቻ ነው።

ሙግቱ

ሐሳቡ እንደታወቀ ተቃዋሚ ተነሣበት። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ራሱ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሸዋንና ጎጃምን የዞረ ሰው ነው። ቢክ የዳባዲን የዓባይ ሐሳብ በመንቀፍ ብቻ አላበቃም። በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ሰውዬው ከፋ ጭራሽ አልደረሰም፣ ጉዞውም ፈጠራ ነው እስከማለት ሄደ። በዚያው ዓመት የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱ ወንድማማቾች ታላቁን የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። ከዚህ ማኅበር ቀደም ሲል ሜዳሊያ ተሸልሞ የነበረው ቢክ ተቆጥቶ የራሱን መለሰ።

ይህ ክርክር ለዛሬው ሰው እንግዳ አይመስለኝም። ጥያቄው ወንዙ የት ይሄዳል የሚል ነበር። መልስ ፍለጋው ግን ሰውዬው ሐቀኛ ነው ወይስ ቀጣፊ ወደሚለው ዞረ። ከዚያ ወዲያ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ስለ ሰው ተከራከረ እንጂ ስለ ውሃ አልተከራከረም። በኋላ እንደታየው ቢክ ስለ ከፋው ጉዞ ተሳስቷል፤ ዳባዲ ቦንጋ ደርሷል፣ የመዘገባቸው ነገሮችም ታማኝ ሆነው ተገኝተዋል። ዳባዲ ደግሞ ስለ ወንዙ ተሳስቷል። ሐቀኛው ሰው ተሳሳተ፤ የሐቀኛውን ሰው ስም ያጠፋውም ተሳሳተ። ሐቀኝነትና ትክክለኝነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ሜዳሊያውም ቢሆን የወንዙን አቅጣጫ በአንድ ክንድ አላስለወጠውም።

ታዲያ ሐሳቡ እንዴት ወደቀ? በአንድ ቀን አልወደቀም። መጀመሪያ ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1858 ቪክቶሪያ ሐይቅን አየ፤ በ1862 ደግሞ ነጭ ዓባይ ከዚያ ሐይቅ ሲወጣ በዓይኑ ተመለከተ። ይህ ለግቤ ዋና ምንጭነት ከባድ ምት ነው። ይሁንና ማምለጫ በር አልጠፋም። ግቤ ዋናው ምንጭ ባይሆን እንኳ በሶባት በኩል የሚገባ ታላቅ ገባር ሊሆን ይችላል ማለት ይቻል ነበር። ቦሬሊ የተባለው ፈረንሳዊ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ ኦሞ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙ በደቡብ ባለ አንድ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያልቅ ከሰዎች ሰማ። በ1888 ቴሌኪና ፎን ሆህነል ከደቡብ መጥተው ያን ሐይቅ አገኙና ሩዶልፍ ብለው ሰየሙት፤ የዛሬው ቱርካና ነው። ከሰሜን የሚገባ ወንዝም አዩ። አሁንም በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ያ ወንዝ ኦሞ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ሌላ ወንዝ ሊሆን ይችላል።

በሩን የዘጋው ጣሊያናዊው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ በ1896 ክረምት ኦሞን አገኘና ተከትሎት ወረደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐይቁ ዳር ደረሰ። የሚዛኑ ዳኛ በቦቲ ጫማ ያደረጉትን ቦቴጎ በመቶዎች ኪሎ ሜትር አደረገው። ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ነገር አልቀረም።

በዋስ የተለቀቀ ሐሳብ

ካርል ፖፐር የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ ፈላስፋ በ1934 ባወጣው መጽሐፉ የሳይንስ ሐሳብ ከሌላው ሐሳብ የሚለይበትን መስፈርት አስቀምጧል። በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። አንድ ሐሳብ ሳይንሳዊ የሚባለው ብዙ ማስረጃ ስላለው አይደለም። ስህተት ቢሆን ስህተትነቱ የሚታወቅበት መንገድ ስላለው ነው። ሺህ ምስክር አንድን አጠቃላይ ሐሳብ ለዘለዓለም አያጸናውም፤ አንድ በዓይን የታየ ተቃራኒ ነገር ግን ሊጥለው ይችላል።

እኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ያደግን ሰዎች ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። በፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃው ያመዘነለት ይረታል። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 5 እንደሚደነግገው አንዴ በመጨረሻ ፍርድ ያለቀ ጉዳይ በዚያው ነገር፣ በእነዚያው ሰዎች መካከል እንደገና አይነሣም። ይህ ለኅብረተሰቡ ሰላም ሲባል የተደረገ ነው፤ ክርክር ማለቅ አለበት። ሳይንስ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ችሎቱ አይዘጋም። ሐሳብ በነፃ አይሰናበትም፤ ለጊዜው በዋስ ይወጣል እንጂ። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚባል የመጨረሻ ማረፊያም የለም፤ ይግባኙ የሚቀርበው ለተፈጥሮ ነው፣ ቀጠሮውም ማለቂያ የለውም።

እንግዲህ በዚህ መለኪያ ዳባዲን እንመዝነው። የሚገርመው ነገር ሐሳቡ ደህና ሳይንሳዊ ሐሳብ ነበር። ወንዙ በዚህ ተነሥቶ በዚህ ዞሮ እዚህ ይገባል ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ስህተት ቢሆን እንዴት እንደሚታወቅ ማንም ሊረዳው ይችላል፤ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ነው። በዚህ ረገድ ከብዙ ዘመናዊ ሊቃውንት የተሻለ ነው። ጉድለቱ ሐሳቡን ከመፈተኑ በፊት ባንዲራ መትከሉ ላይ ነው። ባንዲራ የተተከለበት ሐሳብ ደግሞ የአገር ክብር ይሆናል፤ የአገር ክብር የሆነ ሐሳብ ሲፈተን የተደፈረ ይመስላል።

ነገሩ የካርታ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1902 ግንቦት ወር ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ወሰን ውል ሲፈራረሙ ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ውሃ ነበር። ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራባቸው የተባሉት ጥቁር ዓባይ፣ ጣና ሐይቅና ሶባት ናቸው። ከማጂና ከሚዛን ከፍታዎች ወደ ምዕራብ የሚወርደው አኮቦ ደግሞ በፒቦር በኩል የሶባት ገባር ነው። ስለዚህ ከአንዱ ከፍታ ወዲያ የወደቀው ዝናብ ውሉ ውስጥ ገባ፤ ወዲህ የወደቀው ግን አልገባም፤ አንቀጹ ኦሞን አይጠቅስም። የዳባዲ ሐሳብ እስከዚያ ዓመት ሳይረታ ቢቆይ ኖሮ ኦሞም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ በ2016 ስለተመረቀው ባለ 1,870 ሜጋ ዋት የግቤ ሦስት ግድብ ስንነጋገር ስሟ የሚነሣው ጎረቤት ካይሮ ሳትሆን በቱርካና ሐይቅ በኩል ኬንያ ናት። አንድ የጂኦግራፊ ሐሳብ መውደቁ ወይም መቆሙ የትውልድ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያኔ ባንዲራ የተከሉት ወንድማማቾች ያሰቡት አይመስለኝም።

ሁለት ቀን

ቦቴጎ ከሐይቁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጉዞውን ቀጠለ። በዚህ መካከል፣ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ የዓድዋ ጦርነት ተደርጎ ጣሊያን ተሸንፏል። ያልተጠራ ጦረኛ ሆኖ ወለጋ ጊዳሚ አካባቢ ሲደርስ ተከበበና ዳጋ ሮባ በሚባል ኮረብታ ላይ ተገደለ። ቀኑ 1897 መጋቢት፣ በእነሱ ማርች 17 ነው። ሁለቱ ጓዶቹ ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማርከው ቆይተው በምኒልክ ተለቀቁ፤ የጉዞውንም መጽሐፍ በ1899 አሳተሙ።

ከዳጋ ሮባው ቀን ሁለት ቀን በኋላ፣ ማርች 19 ቀን 1897፣ አንቷን ዳባዲ በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። ኦሞን ወደ ዓባይ የላከው ሰውና ኦሞን ከዓባይ የነጠቀው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዚህ ዓለም ተለዩ። የመጨረሻው ፍርድ በመጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ከሳሽም ተከሳሽም በችሎቱ አልነበሩም።

በቀጣዩ ዓመት በ1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ በዚሁ አቅጣጫ ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ዳር የኢትዮጵያን ባንዲራ ተከለ። አብሮ የነበረው የሩሲያ መኮንን ቡላቶቪች ጉዞውን ጽፎታል። ማጂም ወደ ግዛቱ የተጠቃለለችው በዚያ ዘመን ነው። ለዲዚዎችና ለጎረቤቶቻቸው ያ ዘመን የጂኦግራፊ ሳይሆን የገባርነትና የባርነት ዘመን ሆኖ ነው የሚታወሰው። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል።

ታሪኩ ግን ገና አላለቀም። ወንዙ ሌላ ይግባኝ ነበረው። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች በቱርካና ሐይቅ ውስጥ የዓባይ ዓይነት ዓሣዎችና አዞዎች ለምን እንደሚገኙ ጠየቁ። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ታዲያ የዓባይ ዓሣ በየት ገባ? የጥንት የሐይቅ ዳርቻዎች ሲጠኑ፣ ከዛሬ ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን ሐይቁ ከዛሬው በአሥሮች ሜትር ከፍ ብሎ ይቆም እንደነበር፣ ሲሞላም በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ሶባት አቅጣጫ ይፈስ እንደነበር ታወቀ። ማለትም ኦሞ በአንድ ወቅት በእርግጥ የዓባይ ገባር ነበር! ዳባዲ በብዙ ሺህ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ እንጂ ነገሩ ባዶ አልነበረም።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሰውዬው በመጨረሻ ተረታለት ብዬ። ኋላ ግን አሰብኩበት። አልተረታለትም። እሱ የተናገረው በዘመኑ ስለነበረው ወንዝ ነው፤ ያ ስህተት ነው። በአጋጣሚ ከሌላ እውነት ጋር መገጣጠም ማስረጃ አይሆንም። ግምቱ በዕድል የያዘለት ሰው አዋቂ ከሆነ ሎተሪ የደረሰው ሁሉ የሒሳብ ሊቅ በሆነ ነበር።

እዚያው ኦሞ ዳር ሌላም ፋይል ክፍት ነው። በ1967 ኪቢሽ ላይ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል መጀመሪያ 130,000 ዓመት ገደማ ተሰጠው። በ2005 ዕድሜው ወደ 195,000 ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተነጻጽሮ ከ230,000 ዓመት እንደማያንስ ተነገረ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይንቲስቶች ራሳቸው አያውቁትም ብሎ ይስቃል። እኔ ደግሞ ችሎቱ ክፍት መሆኑን አያለሁ። የሚያሳስበኝ የሚለዋወጠው ቁጥር አይደለም። ማንም ሊፈትነው የማይችለው ቁጥር ነው።

ግድግዳ ላይ ያለች ቀዳዳ

ዳባዲ በስተርጅናው በፈረንሳይና በስፔን ድንበር፣ ኦንዴይ በሚባል የባሕር ዳር ቦታ፣ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት ሠራ። በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ሕይወት ተሥሏል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈም ይገኝበታል። በውስጡ የኮከብ መመልከቻ አለው። ቤቱን ለሳይንስ አካዳሚው አወረሰ፤ አካዳሚውን በ1892 በፕሬዚዳንትነት መርቶት ነበር።

በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሜዳሊያው ይበልጥብኛል። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚሰበር ለማጥናት ሲል የቤቱን ግድግዳዎች በአንድ መስመር አስበሳቸው። በቀዳዳው በኩል በሩቅ ያለውን የላ ሩን ተራራ ጫፍ እያየ ሊለካ አስቦ ነው። ሙከራው ከሸፈ። ቀዳዳውን በኖራ ደፍኖ ነገሩን መርሳት ይችል ነበር፤ ቤቱ የራሱ ነው። እሱ ግን እንዳልታየና እንዳልተማረ የሚገልጽ ቃል በአባቶቹ በባስክ ቋንቋ ከቀዳዳው በላይ እንዲቀረጽ አደረገ።

አገራችን ውስጥ ስንት ቀዳዳ በኖራ ተደፍኗል? ስንት ዕቅድ፣ ስንት ጥናት፣ ስንት ፕሮጀክት ከምረቃው በኋላ ውጤቱን የጠየቀው ሰው የለም? ሪፖርት የሚጻፈው የተሳካውን ለመዘርዘር ነው። ያልተሳካው ማነቆ ተብሎ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። እኔ ራሴ ያን የሚዛን ክርክር ለማንም ሳልነግር ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ያሸነፍኳቸውን ግን ጠይቁኝ፤ በቁጥራቸው እነግራችኋለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል ያገሬ ሰው። አምናለሁ። ነገር ግን ንጋት ያለ ሰው ይነጋል፤ እውነት ግን ያለ ሰው አይጠራም። የኦሞ እውነት ከ1846 እስከ 1896 ድረስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ሲፈስ ነበር፤ የጠራው አንድ ሰው ተከትሎት ሲወርድ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን፣ አንድ ባለሙያ፣ ወይም እንደ እኔ ያለ ዓምደኛ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ሲነግራችሁ ስንት ምስክር አለህ ብላችሁ አትጠይቁት። ይህ የተናገርከው ስህተት ቢሆን በምን እናውቃለን ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው አዳምጡት። መልስ ከሌለው ግን ቦቲ ጫማችሁን አዘጋጁ።